ደጅ ያለው ፎቅ

ዛሬ ስለ ቤት ላጫውታችሁ።

የምንኖርበት አሮጌ ሕንፃ ፈርሶ በቦታው ስምንት አባወራ የሚይዝ አነስተኛ ፎቅ ሊሠራ ነው። ንድፉን የምታወጣው ልጅ ሁላችንንም ሰብስባ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብላ ጠየቀችን። አንዱ ሰፊ ሳሎን፣ ሌላው የመኪና ማቆሚያ አለ። እናቴ ግን «ልጄ፣ ቤትስ አለኝ፤ የሌለኝ ደጅ ነው» አለቻት።

እውነቷን ነው። ጎንደር ሳለን ጎጆው ቢጠብም በሩ ወደ ሜዳ ይከፈት ነበር። ጎረቤት ሲያልፍ ይታያል፣ «ቡና ደርሷል፣ ግቡ» ይባላል። እዚህ ግን በሩ የሚከፈተው ወደ ጨለማ ደረጃ ነው።

ልጅቷ ለምሳሌ ያሳየችን በካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ፣ ለ1967ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራውን ሀቢታት 67 የተባለ ሕንፃ ነው። ንድፉን ያወጣው ሞሼ ሳፍዲ እዚሁ ሃይፋ በ1938 ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ካናዳ የሄደ ሰው ነው። 354 የኮንክሪት ሳጥኖች እየተዛነፉ ተደራርበው የአንዱ ጣሪያ ለሌላው የአትክልት ቦታ ሆኗል። ወጪው ግን ከባድ ነበር።

የእኛ እንደዚያ ባይሆንም ሐሳቡን በትንሹ መውሰድ ይቻላል። ምድር ቤት ላሉት ከመንገድ በቀጥታ የሚያስገባ በር፣ ለላይኞቹ ሁለት ሁለት አባወራ ብቻ የሚጋሩት ክፍት ደረጃ፣ በየበሩ ፊት መደብ የምታህል መቀመጫ። በረንዳዎቹም አንዱ ሌላውን እንዳይሸፍን ይዛነፋሉ፤ ሱካ ከሰማይ በታች መሠራት አለበትና ለበዓሉም ይጠቅመናል።

ችግሩ ማማድ ነው። ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ወዲህ አዲስ ሕንፃ ከሚሳኤል መጠለያ ክፍል እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ ክፍሎቹም አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ግንብ ይቆማሉ። ስለዚህ ቤቱ እንደ ልብ አይዛነፍም። የውጭ ግድግዳ ሲበዛ ደግሞ ሙቀቱም ወጪውም ይበዛል። ወጪውን ለማካካስ እያንዳንዳችን ከሳሎናችን ትንሽ መቁረጥ ይኖርብናል።

እኛ ፈርመናል። ሁለት ጎረቤቶች ግን «ሳሎኔን ለደጅ አልሰጥም» ብለዋል። አልፈርድባቸውም፣ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። የእናቴ ጉልበት ግን ሦስተኛ ፎቅ መውጣትና መውረድ አልቻለም፤ ለሰንበት እንኳ ጸሎት ቤት መሄድ ካቆመች ሰነበተች። በዚህ ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ይህንኑ በእርጋታ ልነግራቸው አስቤአለሁ።

እናንተም ቤት ስትገዙ የክፍሉን ቁጥር ብቻ አትጠይቁ፤ በሩ ወዴት እንደሚከፈትም እዩ።

ሰንበት ሰላም!