በሻንጣዬ የያዝኩት ታንክ

ከካምፓላ ዕቃ ጭኜ ስመለስ፣ ከኒሙሌ ወደ ጁባ በሚያመጣው መንገድ አንድ ኬላ ላይ ሻንጣዬ ተከፈተ። ፈታሹ የፀጉር ቅባቱንና የጥፍር ቀለሙን አልፎ አንዲት ትንሽ ፌስታል አወጣ። ውስጧ ጥፍር የምታክል ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ሸራ፣ የጥይት ሣጥን አለ። «ማማ፣ ይሄ ምንድነው?» አለኝ። የመጫወቻ ታንክ ዕቃ ነው ብለው ጭራሽ ባሰበት። አንድ ሰዓት ቆምኩ። መኪናው ውስጥ ያሉት ሁሉ ተናደዱብኝ፣ እውነትም አላቸው።

እንዲህ ያለ ነገር የምትይዙ ካላችሁ፣ ሥዕል ያለበትን የካርቶን ክዳን አትጣሉ። ደረሰኙም ላይ «የፕላስቲክ ሞዴል» ተብሎ ይጻፍ። በንግድ ሥራ ዲፕሎማዬ ካገኘሁት አንዱ፣ ስም የሌለው ዕቃ ጣጣው ብዙ መሆኑን ማወቅ ነው።

በዚህ ዕድሜዬ ታንክ ምን እንዳደርግልኝ ለምትጠይቁኝ፣ ነገሩ የአባቴ ነው። አባቴ የቲ-55 ታንክ ሹፌር ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ተዋግቷል። የካቲት 26 ሲደርስ ሬዲዮው ስለ ድሉ ማውራት ይጀምራል፣ እሱ ተነስቶ ወደ ግቢ ይወጣል። አንድም ቀን አውርቶልን አያውቅም። ያለን አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ታንኩ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ጀሪካን፣ ብርድ ልብስ፣ በርሜል፣ ግንድ ሳይቀር ታስሯል። ልጅ ሆኜ ከመርካቶ ተጭኖ የወጣ አይሱዙ ይመስለኝ ነበር።

ካምፓላ ያለች ሸሪኬ የታሚያን ቲ-55 በኢንተርኔት አዘዘችልኝ። ልኬቱ አንድ ሠላሳ አምስተኛ ነው፤ 47 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የ20 ሊትር ጀሪካን 13 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የካርቶኑ ታንክ ግን ራቁቱን ነው የመጣው። እንደ ፎቶው የሚያስመስለው ጭነት ለብቻው ይሸጣል፤ ትንንሽ ወርክሾፖች ከሬዚን በሲሊኮን ቅርጽ እያፈሰሱ የሚሠሩት ነው።

ሬዚን ጠባዩ ሌላ ነው። ከቅርጹ እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ላዩ ላይ ስለሚቀር፣ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ካልታጠበ ቀለም አይዝም። የመጀመሪያዎቹን ጀሪካኖች ሳላጥብ ቀብቼ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያም አይሠራበትም፤ እሱ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያያይዘው፣ ለሬዚን ሱፐር ግሉ ነው። ከስሩ የተረፈውን ጉማጅ በቀጭን መጋዝ ቆርጬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፤ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ። ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው። የተጣመመ ካለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በጣት ማቃናት ነው።

ከዚያ የጁባ ሙቀት አለ። የሚረጨው ቀለም ዕቃው ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ይደርቅና አሸዋ ይመስላል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ፣ ሱቅ ሳልከፍት እሠራለሁ። ብሩሼ ለጥፍር ሥዕል የምሸጠው ነው፤ ለጀሪካን እጀታ ከሱ የተሻለ አላገኘሁም። መጀመሪያ መነሻውን ግራጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን፣ ከዚያ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡኒ እለቅበታለሁ፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ጥላ ይሆናል። በመጨረሻ ብሩሹን በጨርቅ ጠርጌ በቀረው ፈዛዛ ቀለም ጠርዙን ብቻ ዳሰስ ዳሰስ። አቧራው ከሱቄ በር የዘገንኩት ቀይ አፈር ነው፣ በነጠላ ነፍቼው። ሳይነፋ ግን ለዚያች ታንክ ድንጋይ ነው የሚሆነው።

ሲያልቅ ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በቴሌግራም ላክሁ፣ ለአባቴ አሳየችው። ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር። ሌሎች እንደሚያደርጉት ሰንሰለቱን ሁሉ ዝገት አልብሼዋለሁ።

ደወለ። አባቴ ራሱ ደውሎልኝ አያውቅም፣ ሁልጊዜ እህቴ ናት የምታገናኘን። «ይሄ የቆመ ታንክ ነው» አለኝ። «የሚሄድ ታንክ ሰንሰለቱ አይዝግም ልጄ። እንደ ማረሻ ያበራል።» ቀጠለ፦ «ሸራውን ማን ነው እንዲህ ያሰረው? በመጀመሪያው ጉድጓድ ይወድቃል።» እንዴት እንደሚታሰር ነገረኝ፣ እኔ በስፌት ክር እየሞከርኩ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ። ደንበኛ መጥቶ ቆሟል፣ ቆየኝ አልኩት።

«ብርድ ልብሱ ስንት ነው?»

«ሦስት» አልኩ። ከሬዚኑ ጋር የመጣው ሦስት ነው።

«አራት ነበርን» አለ። «አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽ፣ እኔ። ሦስታችን የሠራዊቱ ግራጫ ነው የነበረን። አጉራሹ ግን ከቤቱ የመጣለት ነበር፣ እናቱ ...» ዝም አለ። እህቴ ስልኩን ተቀበለችና «ወጣ» አለችኝ። ወደ ግቢ።

ሰንሰለቱን ገፍፌ በእርሳስ ብናኝ አሸሁት፣ አሁን ያበራል። አራተኛውን ብርድ ልብስ ሶፍት በውሃ በቀጠነ የእንጨት ኮላ ነክሬ ጠቀለልኩት፤ ሲደርቅ ጠነከረ፣ እጥፋቱ ከሬዚኑም ያምራል። ቀለሙን ግን አልነገረኝም፣ እኔም በስልክ መልሼ አልጠየቅሁትም። ነጭ እንደሆነ ከሂሳብ መዝገቤ አጠገብ ተቀምጧል። ለፋሲካ አዲስ አበባ ስገባ ቀለሞቹንና ብሩሹን ይዤ እሄዳለሁ። የካርቶኑን ክዳንም።