ባሕሩን በመስኮት



ስለ ዕረፍት ጉዞ ለእናንተ መጻፍ አሳፍሮኝ ብዙ ዘግይቻለሁ። ከመካከላችሁ በወር አንድ ዓርብ እንኳ ከቤት መውጣት የማይፈቀድላችሁ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። ሆኖም የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋትም ነውና ታገሡኝ።

ባለፈው ነሐሴ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅታችን ቀርባ፣ ከአሠሪዎቿ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዳ ሁለት ሳምንት ሰንብታ መመለሷን ነገረችኝ። እኔም ሳላስብ፣ «ታድለሽ ልጄ!» አልኋት። ፈገግ ብላ፣ «አባ፣ ባሕሩን እኮ ያየሁት በመስኮት ነው» አለችኝ። ልጆቹን ስትመግብ፣ ስታጥብና ስታስተኛ ሁለቱ ሳምንታት አልቀው ነበር። ምን ብዬ እንደ መለስሁላት አላስታውስም፤ ከኋላዋ ሌሎች ተራ ይጠብቁ ነበር።

በጥቅምት ወር፣ በፈረንሳይ አገር የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር ወደ ሬዩንዮን ደሴት ለዕረፍት ስትጓዝ እኔንም ጋበዘችኝ። ሬዩንዮን ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ የተነሣች የፈረንሳይ ግዛት ናት። ከፍተኛው ተራራዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ የሚባለው ሌላው ተራራ ደግሞ ዛሬም በየጊዜው ይፈነዳል። በምሥራቁ ዳርቻ መንገዱ የረጋ ጥቁር ላቫ በሚያቋርጥበት ስፍራ ሁሉ፣ ላቫው የፈሰሰበት ዓመት በሰሌዳ ተጽፎ ይታያል። የእኅቴ ልጆች ዓመቶቹን ከመኪናው መስኮት እያነበቡ፣ «ይሄ እኔ ሳልወለድ ነው» ይባባሉ ነበር።

በዚያው መንገድ፣ ፒቶን ሴንት ሮዝ በተባለ መንደር አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1977 የወረደው ላቫ የመንደሩን ቤቶች አቃጥሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ ቆመ፤ የቀረውም ግራና ቀኝ ተከፍሎ ዐለፈ። ዛሬ «የላቫ እመቤታችን» ተብሎ ይጠራል። ብዙዎች ተአምር ይሉታል፤ እኔም ተንበርክኬ ጸሎቴን አደረስሁ። ዐይኔ ደጋግሞ የሄደው ግን በአጠገቡ ወዳለው ጥቁር ድንጋይ ነው። የብዙ ሰዎች ቤት እንዲህ ባለ ድንጋይ ሥር ቀርቷል። እነርሱም በዚያ ሰሞን ሳይጸልዩ አልቀሩም።

በማግሥቱ ቫኒላ ወደሚተከልበት ስፍራ ሄድን። የቫኒላ አበባ የምትፈካው ለአንድ ቀን፣ ያውም ለጥቂት ሰዓታት ነው። ተክሉ የመጣው ከሜክሲኮ ሲሆን፣ በዚያ ብናኟን የሚያደርሱላት ንቦች በደሴቲቱ ስለሌሉ ለዓመታት አበበ እንጂ አላፈራም። መላውን ያገኘው ኤድሞን የሚባል፣ በባርነት የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በአበባዋ ውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን በቀጭን እንጨት አንሥቶ፣ ወንዴውን ከሴቴው ጋር በአውራ ጣቱ አገናኘ። ዛሬም ቫኒላ በሚመረትባቸው አገሮች ሁሉ ሠራተኞች እያንዳንዷን አበባ በዚሁ መንገድ በእጃቸው ያገናኛሉ። አስጎብኚዋ ስታሳየን ጥቂት ሰኮንድ እንኳ አልፈጀባትም።

የእኅቴ የበኵር ልጅም 12 ዓመቱ ነው። ልሞክር ብሎ አበባዋን ቀደዳት። ከዚያም፣ «አባ፣ ልጁ ሀብታም ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልሆነም። ባርነት ሲሻር አልቢዩስ የሚል የቤተሰብ ስም ተሰጠው፤ በኋላ በስርቆት ተከሶ ታሰረ፤ ከጊዜው ቀድሞ ቢፈታም እ.ኤ.አ. በ1880 በድህነት ሞተ። ልጁ ሌላ አልጠየቀኝም። እኔም ያን ቀን «ታድለሽ» ያልኋት እኅታችን ትዝ አለችኝ፤ እስከ ማታም ከሐሳቤ አልወጣችም።

ባርነት በደሴቲቱ የተሻረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1848 ነው፤ ነፃ የወጡት ወደ 60,000 ይጠጉ ነበር። የሸንኮራ አገዳው እርሻ ግን ጉልበት ይፈልግ ስለ ነበር፣ ከሕንድ ብዙ ሺህ ሰዎች በውል ተቀጥረው በመርከብ መጡ። በሽታ እንዳያስገቡ ተለይተው የሚቈዩበት ሕንፃ ላ ግራንድ ሻሉፕ በሚባል ስፍራ ዛሬም አለ። «ውል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

የዛሬው ሕዝብ በአብዛኛው የእነዚያ ሰዎች ልጅ ነው፤ የክሪኦል ቋንቋውና ማሎያ የሚባለው ዜማው ከእነርሱ የወረሰው ነው። ምሳችን ሩዝ፣ ቅመም የበዛበት ወጥና ሩጋይ የሚሉት የቲማቲምና የቃሪያ ማባያ ነበር፤ እኅቴ፣ «እንጀራ ብቻ ነው የጎደለው» አለች። (ቡናቸውም ባዕድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1715 ከየመን የመጣ ነው። ወደ የመን ከየት እንደ ተሻገረ መቼም አይጠፋችሁም።)

በሴንት ማሪ የብፁዕ ወንድም ስኩቢልዮን መቃብር ይገኛል። ይህ ፈረንሳዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1833 ወደ ደሴቲቱ መጥቶ፣ ባሮቹን ከሥራ መልስ በምሽት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምር ነበር፤ ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1989 በዚያው ደሴት ብፅዕናውን ዐውጀዋል። በመቃብሩ ፊት ቆሜ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ትምህርታችንን በስልክ የምትከታተሉትን፣ ድምፃችሁ እንዳይሰማ «አሜን» ብላችሁ የምትጽፉትን አስታወስሁ።

በመጨረሻው ቀን ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ወረድን። በብዙ ስፍራ ከሻርክ የተነሣ መዋኘት ክልክል ነው፤ በዚያ ግን ኮራል የከለለው ጸጥተኛ ውሃ ስላለ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ እስከ ጉልበቴ ገባሁ።

ከተመለስሁ በኋላ በሁለተኛው ዓርብ እኅታችን መጣች። ለብቻዋ ጠርቼ፣ «ያን ቀን ታድለሽ ያልሁሽን ይቅር በዪኝ፤ አልሰማሁሽም ነበር» አልኋት። ግራ ገባት። «ኧረ አባ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለች። በወረቀት የጠቀለልሁላትን ቫኒላ እያሸተተች ስለ ኤድሞን ነገርኋት። «እናቱስ?» አለችኝ። ሲወለድ እንደ ሞተች ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «አባስ፣ ባሕሩ ውስጥ እግርዎን ነከሩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ነክሬያለሁ።»

«እሰይ!» አለችኝ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣትም ቫኒላውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ እየሮጠች ወጣች።