እጁ የሚነቀለው ወታደር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማግኔት ነው። የታሪክ መምህር ከማግኔት ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሡኝማ።

ውጭ አገር ትንንሽ የወታደር ቅርጾች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አንዱ ጨዋታ ዋርሃመር ይባላል፤ የእንግሊዞች ነው። ቅርጾቹ ውድ ስለሆኑ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ማግኔት ይቀብሩና እጅ ይቀያይሩላቸዋል። ያው አንድ ወታደር ዛሬ ጎራዴ፣ ነገ ጠመንጃ ይይዛል። ይህን በስልኬ ሳይ «ይሄማ ለእኛ ክፍል ነው የሚሆነው!» አልኩ።

ጨለለቅቱ ላይ ማግኔት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ አልዞርንም። ተማሪዎቼ የተበላሸ ኢርፎንና የስልክ ስፒከር ሰብስበው አመጡ፤ ውስጣቸው ትንሽ ግን ኃይለኛ ማግኔት አለ። ከጭቃ 20 ወታደሮች ሠራን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማግኔት ሙቀት አይወድም፤ የኢርፎኑ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ጭቃው ቀዳዳ እንደተተወለት ይተኮሳል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ማግኔቱ በሱፐር ግሉ ይለጠፋል። ሁለት ማግኔት ካገናኛችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ፊታቸውን በማርከር ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ እጁ ከትከሻው ይሸሻል። እኛ ቀላሉን መረጥን፦ ትከሻውና አናቱ ላይ ማግኔት፣ እጁና ቆቡ ላይ የሚስማር ጭንቅላት። ሚስማር በየትኛውም ፊት ይያዛል። ቆቡን በጥፍር ቀለም ቀይ ቀባነው።

ኅዳር ላይ አድዋን አስተማርኩ። ቡና ለቀማ ውሎ ደክሞት የመጣው ልጅ ሳይቀር ጠረጴዛውን ከቦ ቆሟል። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ የባራቲዬሪ ጦር በጨለማ ተንቀሳቀሰ። የአልቤርቶኔ ብርጌድ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ፍለጋ ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት ሄደ፤ ሲነጋ ብቻውን ተገኘ። ብርጌዱን ለማሳየት ከእኛ ወገን ቆመው ከነበሩት አራቱን አንስቼ ቀይ ቆብ አደረግኩላቸው።

አንዲት ተማሪ ከኋላ «ቲቸር፣ ይሄኛው አሁን የእኛ አልነበረም እንዴ?» አለች።

ነበረ። የአልቤርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው አስካሪ ነው፤ የኤርትራ ልጆች። በክፉ ቀን ከብት አልቆ፣ እርሻ ጦም አድሮ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የጣሊያን ደመወዝ ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኖ ነበር። ከድሉ በኋላ ደግሞ ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ እንደ ከሃዲ ተቆጥረው የቀኝ እጃቸውና የግራ እግራቸው ተቆረጠ። ይህንን ስናገር አንድ ልጅ የወታደሩን እጅ ይነቅላል፣ ይመልሳል፤ ይነቅላል፣ ይመልሳል። እጁን መልሶ ገጠመና ወታደሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ ክርክሩ ፈነዳ። «ከሃዲ ነው፤ ወንድሙን ነው የተኮሰው።» «ልጆቹ የተራቡበት ሰው ምን ያድርግ?» «ታዲያ የራበው ሁሉ ተቀጠረ እንዴ?» እኔ አልፈረድኩም። ደወሉ ተደውሎ እንኳ የወጣ አልነበረም። የአድዋ ድል ያን ቀን አላነሰባቸውም፤ ድሉ ውስጥ ሰው እንዳለ ነው ያዩት። ያንን ያሳያቸው የእኔ ንግግር አይደለም። ቆብ ሲቀየር ፊቱ ያው ሆኖ የቀረው ጭቃ ነው።

መምህራን ጓደኞቼ፣ ሞክሩት። አንድ አደራ ብቻ፦ እነዚህን ማግኔቶች ከሕፃናት አርቁ። ሁለት የዋጠ ልጅ አንጀቱ መሀል ተሳስበው ሊበሱት ይችላሉ፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መድረስ አለበት።

ወደ ጨለለቅቱ የምትመጡ ደግሞ የተበላሸ ኢርፎናችሁን አትጣሉት፣ ይዛችሁልኝ ኑ። ለዘንድሮ ፈረሰኞች እንሠራለን ተብሏል፤ ፈረሱ ከባድ ነው፣ ማግኔት ይበላል።