ናጎር ደጃፍ ላይ ያመለጠችን ቃል



ውድ የጀመዓችን እህትና ወንድሞች፤ ባለፈው ክረምት ሦስት የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ለአጭር ስልጠና ወደ ሕንድ፣ ቼናይ ሄደን ነበር። ስለ ስልጠናው ለመምህራኖቻችን ሪፖርት አቅርበናል። ለእናንተ የምናካፍላችሁ ግን ሪፖርቱ ውስጥ ያልገባውን የአንድ ቀን ጉዞ ነው።

ናጎር በታሚል ናዱ ግዛት፣ ከናጋፓቲናም አጠገብ፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በሌሊት ባቡር ተሳፍረን ማለዳ ደረስን። መጀመሪያ የሚታዩት አምስት ሚናራዎች ናቸው። ረጅሙ 131 ጫማ፣ ማለትም 40 ሜትር ያህል ነው። ተማሪዎች ነንና መጀመሪያ የተከራከርነው ስለ መሠረቱ ነበር፤ ባሕሩ እንዲህ ቀርቦ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ቆመ? ያሠራው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የታንጃቩር ንጉሥ የነበረው ፕራታፕ ሲንግ ነው። ሂንዱ ነበር።

በግቢው መካከል ያለው የሻሁል ሐሚድ ቀብር ነው። እኚህ ሸይኽ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ሕንድ መጥተው ናጎር የተቀመጡ ሱፊይ ናቸው። የታሚል ሙስሊም ነጋዴዎችና መርከበኞች ስማቸውን ይዘው ባሕር ተሻግረዋል። በሲንጋፖር እንኳ ከ1828 እስከ 1830 እ.ኤ.አ. በስማቸው መታሰቢያ ሠርተዋል። በጁማደል አኺር ወር ለ14 ቀናት የሚከበረው «ካንዱሪ» ላይ ሙስሊሙም ሂንዱውም ይመጣል።

እኛ በደረስንበት ቀንም ሰው ነበር። ስለት ያለበት ፀጉሩን ይላጫል። አንዳንዱ በቤት፣ በጀልባ ወይም በእግር ቅርፅ የተሠራ ስስ ቆርቆሮ ይዟል። ይህን ጊዜ ከአንዳችን አፍ «እዚህ የሚመጣ ሁሉ ሙሽሪክ ነው» የሚል ቃል ወጣ።

የወሎው ጓደኛችን ቆም አለ። «አያቴ በየዓመቱ ጀማ ንጉሥ ትሄድ ነበር» አለ። «ቁርኣን ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። ቅቤ እየሸጠች ነው ያስቀራችኝ።» ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ቃሉን ያወጣው አንዳችን ቢሆንም፣ ሌላችንም «ተው» አላልንም።

አዛን ተባለና ዙህርን በመስጂዱ በጀመዓ ሰገድን። ከሶላት በኋላ አንድ ሽማግሌ ኪታብ ገልጠው ተቀመጡ። ጠጋ ብለን ለማንበብ ሞከርን። ፊደሉ ዐረብኛ ነው፤ አነበብነው፤ ቃሉ ግን አልገባንም። ታሚልኛ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ «አርዊ» ይሉታል። ዐረብኛ ለሌላቸው ድምፆች ተጨማሪ ምልክት አበጅተውለታል። ዝም ብሎ የቆየው ጓደኛችን ፊቱ በራና «ይሄ እኮ ዐጀም ነው!» አለ። የወሎ መሻይኾች አማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ እንደነበር ለሽማግሌው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልናስረዳቸው ሞከርን። የገባቸው «ሐበሻ» የምትለዋ ብቻ መሰለን። «ቢላል!» ብለው የሦስታችንንም እጅ ያዙ።

ጓደኛችን ወደ ቀብሩ ገባ። በሩ ላይ ቆመን አየነው። አልነካም፣ አልተሳለም፣ ምንም አልጠየቀም። ለሟቹ ሰላምታ አቀረበ፤ ወደ ቂብላ ዞሮ ዱዓ አደረገ፤ ወጣ። ቀብር መዘየር አኺራን እንደሚያስታውስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ሦስታችንም በመድረሳ ቀርተናል። ከአላህ በቀር ማንም እንደማይለመንም እንዲሁ። በዚህ ላይ ያኔም አሁንም ልዩነት የለንም። ጥፋታችን፣ የሰውን ልብ ሳናውቅ፣ ድርጊቱን ከመንቀፍ አልፈን የመጣውን ሁሉ ከእስልምና ማስወጣታችን ነው። ማክፈር ከባድ መሆኑን በቃላችን የያዝን ልጆች፣ አንዲት ቅቤ ሻጭ እናትን በአንድ ቃል አስወጣናት።

ማታ ባቡር ጣቢያው ላይ «አፉ በለን» አልነው። «እኔ አፉ ብያለሁ። አያቴ ግን ሞታለች፤ ለሷ ዱዓ አድርጉላት» አለን። እያደረግን ነው።

ይህን የምንጽፈው ዘንድሮ በግቢያችን በዚሁ ጉዳይ ተጣልተን በሁለት ሱፍራ ስላፈጠርን ነው። ሦስታችንም እዚያ ነበርን፤ በሁለቱም ወገን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ረመዳን የመጀመሪያ ቀን ሦስታችን አንድ ሰሃን ይዘን በመስገጃችን በር ላይ እንቀመጣለን። ከየትኛውም ወገን ብትሆኑ ኑና አብረን እናፍጥር።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።