ኦሪጅናል እንጂ ኮፒ እንዳታመጪብኝ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፋውንዴሽን ነው። ወንዶችም ብትሆኑ አትለፉት፤ «ስትመለስ አምጣልኝ» የምትባሉት እናንተም ናችሁ።

የእህቴ ልጅ ሰርግ ለጥር 2017 ተቆርጦ ነበር። ኅዳር ላይ ከድሬዳዋ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እትዬ፣ ለሰርጌ ያንን የፈረንሳይ ፋውንዴሽን አምጪልኝ። ኦሪጅናል እንጂ ኮፒ እንዳታመጪብኝ። አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።» ዋራበሌ፣ ቤቴ ደጃፍ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «ታውቂዋለሽ» ያለችው ወጋኝ።

ለምን እንደወጋኝ ልንገራችሁ። ጥቅምት 2015 ላይ 38 ዓይነት ዕቃ ለማስገባት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲታገድ ታስታውሳላችሁ፤ ሽቶና ኮስሞቲክስም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በባንክ በኩል የሚገባው ሲቆም እኛ ሻንጣ ጎታቾቹ ተፈላጊ ሆንን። ያኔ አንድ ሻጭ፣ ሱቅ ውስጥ ከ10 ሺህ ፍራንክ በላይ የሚያወጣውን ብልቃጥ በ1,500 ፍራንክ አቀረበልኝ። ደርዘን ወሰድኩ። ድሬዳዋ ላይ ሰባቱን ሸጥኩ። ከገዙኝ አንዷ አስተማሪ ነበረች። በአራተኛው ቀን የፊቷን ፎቶ ላከችልኝ፤ ጉንጮቿ አብጠው፣ አገጯ ሽፍ ብሎ። ገንዘቧን መለስኩላት፣ የቀሩትን አምስት ብልቃጦች ጣልኳቸው። አላወቅሁም ነበር ማለት እችላለሁ፤ ብያታለሁም። ግን ዋጋው ነግሮኝ ነበር። ደግሞ ካርቶኑ ጀርባ ላይ አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ፊደል እንደጎደላት አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።

ያቺ አስተማሪ ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው። ከማን እንደገዛች ለልጅቷ እንዳልነገረቻት ገባኝ።

ስለዚህ እውነተኛውን ፍለጋ ከተማ ወረድኩ። ማቀዝቀዣ ያለው፣ መስታወቱ የሚያበራ ሱቅ ነው፤ ሻጯ እጄን ይዛ የቀባችኝ ሐኪም ስትመረምር ይመስል ነበር። ዋጋው 11 ሺህ ፍራንክ። የቤት ኪራዬ 15 ሺህ ነው። እኛ እዚህ የምንነግድበት ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ዶላሩ ላይ በ177.72 ተቸንክሮ የቆመ ነው፤ 11 ሺህ ማለት ትናንትም ዛሬም 62 ዶላር ገደማ። ብሩ ግን ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ያ ብልቃጥ ከዚያ በፊት በባንክ ዋጋ 3,500 ብር ገደማ የነበረው፣ ለሰርጉ ስንዘጋጅ ከ7 ሺህ አልፏል። ለአንዲት ጣት የማትሞላ ብልቃጥ!

ከሱቁ ወጥቼ ሱፐርማርኬት ገባሁ። እዚያ ሳሙናና ሻምፑ መደርደሪያ አጠገብ ሜይቤሊን በ1,800 ፍራንክ ተደርድሯል። ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን ውዱና ርካሹ ከሁለት ዓለም የመጡ ስለሚመስለን ነው። ሎሬያል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ላንኮምን እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሜይቤሊንን ደግሞ በ1996 ገዝቷል። ውዱንም ርካሹንም የሚሸጥልሽ አንድ ቤት ነው። ልዩነት የለም አልልም። ግን ከምትከፍይው አንዱ ክፍል ለብልቃጡ መስታወት፣ ለሱቁ ማቀዝቀዣና ለማስታወቂያው ይሄዳል። አዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር ፊት ስትሆን፣ በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። እኔም ያኔ ፎቶዋን ከመጽሔት ቆርጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ኮርቻለሁ፤ ግን ኩራቴም ዋጋው ውስጥ ተደምሮ እንደሚከፈል አሁን ነው የገባኝ።

ቀለሙ ሌላ ጣጣ ነው። የእህቴ ልጅ ጠይም ናት። ባለማቀዝቀዣው ሱቅ ለጠይም ፊት የሚሆነው አልቋል። «ይቺን አንድ ደረጃ ቀላ ያለችውን ውሰጂ፣ ታበራታለች» አለችኝ ሻጯ። ሞቃዲሾ የተወለደችው ሞዴል ኢማን እ.ኤ.አ. በ1994 የራሷን ኮስሞቲክስ ያወጣችው እኮ በዚሁ ነገር ተማርራ ነው፤ ለቆዳዋ የሚሆን ቀለም አታገኝም፣ ራሷ ነበረች የምትቀላቅለው። እኔ በ2017 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ቆሜ ለተሳሳተ ቀለም የኪራዬን ሦስት አራተኛ ገደማ እንድከፍል ተጠየቅሁ።

ሳልገዛ ትንሽ ናሙና ለምኜ ወጣሁ። ርካሹን ግን ገዛሁት። በማግሥቱ ጠዋት ግራ ጉንጬን ውዱን፣ ቀኙን ርካሹን ተቀብቼ ሥራዬን ጀመርኩ። ሶማሊት ጎረቤቴ ቃሲል ፊቷ ላይ ለጥፋ ደጃፏ ላይ ቆማለች፤ ያ አረንጓዴ ዱቄት ከእኛ ቁርቁራ ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚፈጭ ነው። ግራ ቀኝ ፊቴን አይታ በሳቅ ፈረሰች። «እኔ ይኸው በመቶ ፍራንክ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቆዳዋ የኔን ያስንቃል።

ውጤቱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ኅዳር ስለሆነ ሙቀቱ ረገብ ብሏል፤ ሐምሌ ላይ ካምሲኑ ሲነፍስ ቢሆን ሁለቱም እኩል ይፈሱ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ላብ ሲመጣ ቀድሞ የተንሸራተተው ርካሹ ነው። ውዱ እስከ ስምንት ሰዓት ንቅንቅ አላለም። ግን ግራ ጉንጬ አመድ የነካው መስሎ ነበር፤ ቀኙ የራሴ ፊት ነው። ማታ ደግሞ መብራት አጥፍቼ በስልኬ ፍላሽ ፎቶ አነሳሁ። ውዱ ፀሐይ መከላከያ ስላለበት በፍላሽ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ለቀን ጥሩ ነው፣ ለሰርግ ፎቶ ግን ጉድ ያደርጋል። ለሙሽራ የምትገዙ ይህችን የጨለማ ፎቶ ሳትሞክሩ ገንዘብ አታውጡ። የመንሸራተቱን ነገር ስስ አድርጎ ሁለቴ መቀባትና ፓውደር ይይዘዋል፤ ሞክሬዋለሁ።

በዚያው ሰሞን አንዷ «ቀለሙ ከከበደሽ ሙሽራዋ ቀድማ የሚያቀላ ቅባት ትቀባ» አለችኝ። ሜርኩሪ ያለበት ቅባት ኩላሊት እንደሚጎዳ፣ የሚናማታ ስምምነት የሚባለውም እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይሻገር እንደደነገገ ነገርኳት። «አንቺ ደግሞ መነኮስሽ እንዴ» ብላኝ ሄደች።

ከናጋድ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርኩ። ሊፕስቲኮቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ከውሃ ጠርሙሴ ጋር አስሬያቸዋለሁ፤ አንድ ሐምሌ መኪና ውስጥ ትቼ ሃያ ሊፕስቲክ ሾርባ ሆኖብኝ ያውቃል። ድሬዳዋ ስደርስ የእህቴ ልጅ ሻንጣዬን ፈተሸች። የሱፐርማርኬቱን ባለ 1,800 አገላብጣ አየችው። «እትዬ፣ ይሄ ነው?» አለች። ዋጋውን ነገርኳት፣ የተረፈውን 9,200 ፍራንክ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት። ፖስታውን ተቀበለች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

የሰርጉ ዕለት ንጋት ላይ ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ ትልቅ ሣጥኗን ይዛ መጣች። ሚዜዎቹ ከበዋታል። ካርቶን አወጣች፣ ከካርቶኑ ያንን ብልቃጥ። የእህቴ ልጅ ዓይኖች በሩ፤ «ይኸው! እሷ እንኳ አላት» አለችኝ። ካርቶኑን አንስቼ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ያቺ ፊደል የጎደላት ቃል። ታች የታተመውን ቁጥር ከብልቃጡ ቂጥ ጋር አስተያየሁት፤ አይገናኝም። ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕል፣ ስንት ወር እንደሚያገለግል የሚነግረው፣ ጭራሽ የለም።

«ይሄን አትቀቢያት» አልኩ።

ልጅቷ ተቆጣች። በውድ ዋጋ የገዛችው እንደሆነ፣ ብዙ ሙሽራ እንደሠራችበት ተናገረች። እህቴ በዓይኗ ተወኝ ትለኛለች፤ በሰርግ ቀን ጠብ ማን ይፈልጋል? የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረች። ከሚዜዎቹ አንዷ ከዚያው ትምህርት ቤት ናት።

«እትዬ፣ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እኔም ይሄንኑ ሸጬ ስለማውቅ ነው» አልኩ። «በ2015። እዚሁ ድሬዳዋ።»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሚዜዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ስልኳ አጎነበሰች። ሜካፕ ሠሪዋ ብልቃጡን ከደነችው፤ ወደ ሣጥኗ ግን አልመለሰችውም፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። የእኔን ባለ 1,800 አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችና ቁጥሩን ማንበብ ጀመረች።