የግራው በግራ

መኪናውን ደጋግሞ ጋራዥ የሚያስገባ ሰው አንድ ቀን ራሱን መካኒክ አድርጎ ማየቱ አይቀርም። እኔን ይህ አባዜ የያዘኝ በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ነበር። አሮጌዋ ኮሮላዬ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላ በኩል ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚሰማውን ድምፅ ማሰማት ጀመረች። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተሠሩትና አዲስ አበባን ከሞሏት ቶዮታዎች አንዷ ናት፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር። ሸራዋ ማለቁን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ለማሠሪያ የተጠየቅሁት ገንዘብ ግን ሁለት መጣጥፍ ጽፌ የማገኘውን ስለሚያህል «ምን አለው? ራሴ እሠራዋለሁ» አልኩ።

«ምን አለው» የምትለው ቃል በዚህ አገር ብዙ ቤት አፍርሳለች። እኔም እሷኑ ይዤ ሶማሌ ተራ ወረድኩና አራት ሸራ የያዘ ካርቶን ገዝቼ ተመለስኩ። ማታ በስልኬ ቪዲዮ ሳይ አመሸሁ። እጁ ንጹሕ የሆነ አንድ ፈረንጅ ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ፈትቶ ገጠመው። ከዚያ ቪዲዮ ላይ ስንቱ ነገር ተቆርጦ እንደወጣ መጠርጠር ነበረብኝ፤ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ቢያንስ ለዚህ ሊጠቅመኝ ይገባ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ከጋራዥ ጋር የነበረኝ ዝምድና የቃላት ዝምድና ነው። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፍሬኑ፣ ታምቡሩ፣ ሞላው፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ ዳዶው፣ ኩሽኔታው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወራሪ ተባርሮ ሲሄድ የመፍቻ ሳጥኑን ከነቃላቱ ጥሎልን የሄደ ይመስላል። «ሸራ» ግን የራሳችን ቃል ነው። ብረት ላይ የተለጠፈን ድንጋይ መሳይ ነገር ሸራ የምንለው ለምን እንደሆነ ግራ ይገባኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ስሙ ከእውነት የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም፤ የመጀመሪያዎቹ የፍሬን ንጣፎች እውነትም ጨርቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1897 ፌሮዶ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ፣ ጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ላይ አሮጌ ጫማ ከጋሪያቸው የእንጨት ፍሬን ጋር ሲያስሩ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል። እንግሊዞችም ሸራው የሚለጠፍበትን የጨረቃ ቅርጽ ያለው ብረት እስከ ዛሬ «ጫማ» ይሉታል። የታምቡር ፍሬንን ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ በስሙ ያስመዘገበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የማላውቀው የግራውን ከቀኙ መለየት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ፤ የመኪናዋን ኋላ በክሪክ አንስቼ ግንድ ላይ አሳረፍኩ። ሁለቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ ፈታሁ። ታምቡሩ አልወጣ ቢለኝ፣ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ብሎን አስገብቼ እያፈራረቅሁ ሳጠብቃቸው ተገፍቶ ወጣ። ውስጡ ጥቁር አቧራ ሞልቶታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ይህን አቧራ እፍ ማለት ወይም በኮምፕረሰር መንፋት በየጋራዡ የማየው ነገር ነው። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው። አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ፣ ዓመታት ተኝቶ፣ ካንሰር ያመጣል። አቧራውን በውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። ቢያንስ ይህችን በትክክል ሠርቻለሁ።

ታምቡሩ ሲወጣ የሚታየው ነገር ለዓይን ቀላል ነው። ሁለት ሸራዎች እንደ ቅንፍ ፊት ለፊት ይተያያሉ። አናታቸው ላይ የፍሬን ዘይት የሚገፋት ትንሽ ሲሊንደር አለች፤ ግርጌያቸው የማይነቃነቅ ድጋፍ ላይ ተተክሏል። ሞላዎቹ ሁለቱን ወደ ውስጥ ይስቧቸዋል። ከሲሊንደሯ ዝቅ ብሎ በሁለቱ መካከል የተጋደመው ዘንግ ማስተካከያ ይባላል፤ ወገቡ ላይ ኮከብ የመሰለ ባለ ጥርስ ክብ አለው። ሸራው ባለቀ ቁጥር ኮከቡ በጥርስ በጥርስ እየዞረ ዘንጉን ያስረዝመዋል፤ ሸራው ቢሳሳም ከታምቡሩ አይርቅም። ከኋለኛው ሸራ ጀርባ የእጅ ፍሬን ካቦ የሚታሰርበት ክንድ አለ። በቃ፤ ያለው ይኸው ነው። ቀላል ስለመሰለኝም ፎቶ እንኳ አላነሳሁም።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። አሮጌ ሳፋ ለመንኳትና ከሁለቱም ጎማ ያወጣሁትን ሞላ፣ ፒን፣ ማስተካከያ ሁሉ አንድ ላይ ቤንዚን ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

«አንተ፣ የዚያና የዚህ አይቀላቀልብህም?» አለችኝ ከምስሩ ቀና ብላ።

«አንድ ዓይነት ናቸው እኮ እማዬ።»

«እንጃ» አለች። «ጫማም አንድ ዓይነት ነው።»

ሳቅሁባት። ማታ 12 ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ጣቶቼ በሞላ ተልጠዋል፣ ግን መኪናዋ ስትቆም ድምፅ የላትም። በማግስቱ ሰፈሩን ሁለቴ ዞርኩባት፤ ፍሬኗ ልክ ነው። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ራሴ እንደሠራሁት ተናገርኩ።

እናቴ በየወሩ 16 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ትሳለማለች። ኅዳር 16 ወሰድኳት፤ ደህና ነበር። ታኅሣሥ 16 ስንወርድ የፍሬን ፔዳሉ ትንሽ ጠለቅ ያለ መሰለኝና ጫማዬ ነው አልኩ። ጥር ላይ የእጅ ፍሬኑን ስስብ እንደ ወትሮው ስድስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ብሎ መቆሙ ቀርቶ ዐሥር ደረሰ። ይህን ለሌላ ሰው ብነግረው «ኧረ አስመርምረው» ይለኝ ነበር። ግን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሰው የራሱን ጽሑፍ ሲያርም ስሕተቱን የማያየው ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ገባኝ፤ የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው።

የካቲት 16 ዓመታዊው በዓል ነው። በሌሊት ወጥተን ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ሕዝቡ ገና በእግሩ ሽቅብ ሲጎርፍ፣ እኛ ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ጀመርን። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያልፋል። መንገዱ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይሄዳል፤ ግራና ቀኙን ነጠላ የለበሰ ሰው ሞልቶታል። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ሄዶ ወለል ነካ።

ደግሜ ረገጥኩት፤ ምንም። በሦስተኛው ትንሽ ተነሣ፤ መኪናዋ ገታ አለችና እንደገና ለቀቀች። ማርሽ ወደ ሁለት ቀነስኩ፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩት፤ የያዘው ነገር የለም። እናቴ «ሰው ላይ እንዳትሄድ፣ ሰው ላይ እንዳትሄድ» ትላለች፤ ስለ ራሷ አንድም ቃል አልወጣትም። ክላክሱን ሳልለቅ መሪውን ወደ ተራራው ጎን አዞርኩና ጎማው የቦዩን ድንጋይ እየፋቀ፣ እየፋቀ፣ ቆመች። ከፊታችን ዐሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሁለት አሮጊቶችና አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ደርቀው ቆመዋል። አንደኛዋ ሴትዮ ቀርባ በመስኮቱ «እግዜር ያውጣችሁ ልጆቼ» አለችን። መልስ መስጠት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ የሰፈራችንን ሽማግሌ መካኒክ ይዤ ተመለስኩ። መኪናዋን ደልደል ወዳለ ቦታ ገፍተን፣ አስደግፈን፣ ታምቡሩን አወጣና ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየ።

«ማነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ «ሸራው ቦታውን ይዟል» አለ። «የእጅ ፍሬኑም ክንድ በኋለኛው ሸራ ላይ ነው፤ ጥሩ። እስቲ ያንን ክንድ በጣትህ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሰውና ኮከቡን እየው።»

አንቀሳቀስኩት። ኮከቡ አንድ ጥርስ ዞረ። «ዞሯል» አልኩ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ።

«ወዴት?»

ለካስ ጥያቄው ይህ ነበር። ዘንጉን በጣቴ ይዤ እንደገና አየሁት። ኮከቡ ይዞራል፤ ዘንጉ ግን አይረዝምም፤ ያጥራል። መካኒኩ የሌላውንም ጎማ ፈትቶ ማስተካከያውን አወጣና ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፉ ላይ አስቀመጣቸው። መንታ ናቸው። የሁለቱንም ኮከብ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር አንደኛው ረዘመ፣ ሌላው አጠረ፤ የብሎናቸው ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው የተቆረጠው። የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ ተብሎ። እኔ ሳፋ ውስጥ አቀላቅዬ የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ሰጥቻለሁ። አራት ወር ሙሉ ኮከቡ በዞረ ቁጥር ሸራዎቹን ከታምቡሩ አንድ ጥርስ አርቄያቸዋለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ልክ የነበረውም ለዚህ ነው፤ ገና አልራቁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እንድሠራ ያደረገው እኔኑ ነው። እርሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያዝዛል። መጀመሪያ እጄን በኦሞ አስታጠበኝ፤ ግራሶ የነካው ሸራ አይዝምና። ግራሶ የሚቀባው ሸራው ተደግፎ የሚንሸራተትባቸው፣ ከኋላ ባለው ክብ ላሜራ ላይ ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ እሱም በጣት ጫፍ፣ ስስ አድርጎ። ታምቡሩ ወልቆ ሳለ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ የመኪናዋን ቁልፍ ኪሱ ከተተ፤ ከተረገጠ የሲሊንደሯ ፒስተኖች ተስፈንጥረው ይወጣሉ። ሸራውን ላሜራው ላይ የሚይዙትን ትንንሽ ሞላዎች፣ ፒኑን ከኋላ በአንድ ጣት ይዞ፣ ከፊት በፒንሳ ተጭኖ ሩብ ዙር ማዞር ነው፤ ይህን ስሠራ አንዷ ተስፈንጥራ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባችና ሩብ ሰዓት ፈለግናት።

እግረ መንገዱን ሌላም ነገር አሳየኝ። ጥቅምት ላይ ያወጣኋቸው አሮጌ ሸራዎች ከነካርቶናቸው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ከሌሎቹ ይበልጥ ሳስተዋል። «እነዚህ የፊተኞቹ ናቸው» አለኝ። መኪና ወደ ፊት ሲሄድ የሚሽከረከረው ታምቡር የፊተኛውን ሸራ ራሱ ይዞ ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ የኋለኛውን ደግሞ ይገፋዋል። እግራችን የሚሰጠው ጉልበት ለሁለቱም እኩል ነው፤ የፊተኛው ግን ጎማው ራሱ ያግዘዋል፣ ፈጥኖም ያልቃል። በድሮዎቹ አሜሪካን ሠራሽ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ሸራዎች ተደጋግፈው ስለሚሠሩ የኋለኛው ይበልጥ ይሠራል፤ ስለዚህ ንጣፉ አጠር ያለው ሸራ ወደ ፊት፣ ረዘም ያለው ወደ ኋላ ይገባል። «ሰው ሁሉ ግን ረጅሙን ወደ ፊት ያደርጋል» አለ ሽማግሌው። «ረጅም ነገር ወደ ፊት መቅደም ያለበት ይመስለዋል።»

ቀኙን ጎን ጨርሰን፣ ክንዱን አንቀሳቅሰን፣ ኮከቡ ዞሮ ዘንጉ ሲረዝም ሁለታችንም በዓይናችን ካየን በኋላ ነው ወደ ግራው የዞርነው። ቪዲዮው ላይ ይህ ምርመራ አልነበረም፤ ኖሮም እኔ ዘልዬው ይሆናል። ግራውን ስገጥም እየተመላለስኩ ቀኙን አይ ነበር። አንዱን ጎን ሳይፈቱ መተው ያለበት ለዚህ ነው፤ ለማየት። ሲታይም በመስታወት እንደሚያዩት መሆን አለበት፤ ቀኝ ላይ በስተቀኝ ያለው ግራ ላይ በስተግራ ነው። በመጨረሻ ታምቡሩን መልሰን፣ አልዞርም እስኪል ድረስ ኮከቡን ካጠበቅን በኋላ ስምንት ጥርስ መልሰን አላላነው።

«ስንት ልክፈልዎት ጋሼ?» ስለው የጠራው ዋጋ ጥቅምት ላይ ከተጠየቅሁት ያንስ ነበር። «ግማሹን አንተ ሠርተሃል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ሙገሳ ይሁን ስድብ፣ እስካሁን አልለየልኝም።

እናቴ እንጦጦ መሄዷን አላቋረጠችም፤ እኔም መውሰዴን። በየወሩ 16 ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ መኪናዋ አጠገብ ትቆምና ሳትገባ በፊት ትጠይቀኛለች።

«የግራው በግራ ነው?»

«በግራ ነው እማዬ።»

ከዚያ የእጅ ፍሬኑን እስባለሁ፤ እሷም ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ስድስት ላይ ሲቆም አማትባ ትገባለች። ስንመለስም ከላይ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምንወርደው፤ ከኋላ ያለው ሰው ክላክስ ያድርግ።