ጋሽ ፊዚክስን በአደባባይ ይቅርታ ስጠይቅ

ዛሬ የራሽን ጉዳይ አይደለም፣ የስብሰባ ጥሪም አይደለም። ረዘም ስለሚል ቡና ያፈላ ቡናውን ይዞ፣ ዳታ ያለቀበት ደግሞ ከጓደኛው ስልክ ላይ ያንብብ። አንድ ሰው ይቅርታ ልጠይቅ ነው። የሰደብኳቸው እዚሁ ገጽ ላይ፣ ሁላችሁም እያያችሁ ስለነበር፣ ይቅርታውም እዚሁ መሆን አለበት።

ካኩማ አንድ የኖረ ሐበሻ ጋሽ ፊዚክስን የማያውቅ የለም። ትክክለኛ ስማቸውን አልጽፍም፤ አይወዱም። በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ገቡ፤ እኔ ጎንደር አንደኛ ክፍል ሳልገባ እሳቸው እዚህ አቧራ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ስንቱን የስደተኛ ልጅ በነፃ ሒሳብና ሳይንስ አስጠንተዋል። ደቡብ ሱዳኑም፣ ሶማሌውም፣ ኮንጎውም "ሙዋሊሙ" እያለ ነው የሚጠራቸው።

ነገሩ የጀመረው በአገራችን ስድስተኛው ምርጫ ሰሞን ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አገር ቤት ድምፅ ሲሰጥ እዚህ ሻይ ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። ግማሹ "ትግራይ ያልመረጠችበት፣ ሶማሌና ሐረሪ ለሌላ ቀን የተባሉበት፣ ይሄ ምን ምርጫ ይባላል?" ይላል። ግማሹ "ቦርዱን ብርቱካን ሚደቅሳ እየመራችው፣ እሷ ራሷ በፖለቲካ ታስራ የወጣች ሴት፣ ካለፉት ሁሉ ይሻላል" ይላል። በኋላ ከ436 መቀመጫ 410ሩን ብልጽግና ወሰደ ሲባል ደግሞ ጠረጴዛ መደብደብ መጣ። እኔ መሃል ሰፋሪ መስዬ፣ ግን ሁሉንም ለመብለጥ፣ እዚህ ገጽ ላይ አንድ ነገር ጻፍኩ። "አንስታይን ሁሉም ነገር አንፃራዊ ነው ብሏል። ለአንዱ ምርጫ፣ ለሌላው ድራማ ነው። ማን ጀመረ፣ ማን አጭበረበረ የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ቆምክበት ቦታ ነው።" ላይኩ ዘነበ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ጋሽ ፊዚክስ ከሥር እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ልጄ፣ አንስታይን እንዲህ አላለም። ሰዓት ይለያያል፣ የነገር ቅደም ተከተል ግን እንደፈለግህ አይገለባበጥም። ና ቡና እየጠጣን ላስረዳህ።"

ና ቡና እንጠጣ ያለን አንድ ትልቅ ሰው እኔ እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው፦ "ጋሼ፣ የእርስዎ ሰዓት በ1983 ቆሟል። በነፃ ምርጫ አንድ ቀን ድምፅ ሰጥተው የማያውቁ ሰው ስለ ምርጫ ሊያስተምሩኝ አይችሉም።"

የሳቅ ምልክቱን ያደረጋችሁ አላችሁ፤ አልቆጥራችሁም። እሳቸው አልመለሱም። ሻይ ቤቱንም ተዉት። እኔም ኩራቴ አላስኬደኝ ብሎ አሥራ አራት ወር ሙሉ በዚያች ኒም ዛፍ በኩል ማለፍ ትቼ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ካኩማ ውስጥ ዞሮ መሄድ በ40 ዲግሪ ሙቀት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚያ የኬንያ ምርጫ መጣ፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2022። ጠዋት በ12 ሰዓት የካኩማ ከተማ ሰው ተሰልፏል። (እግረ መንገዴን፣ ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰባት ሲል እነሱ "ሳ ሞጃ"፣ አንድ ሰዓት ይላሉ። ይሄንን ባወቅሁ ቀን ስደቴ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር።) የቱርካና እናቶች ልጅ አዝለው መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። እኛ በዳር በዳር እናልፋለን። እዚህ አንመርጥም፣ እዚያም አልመረጥንም።

ማታ ማታ ውጤት ለማየት ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤታችን ብቻ ስለነበር ጋሽ ፊዚክስም መጡ። ጥግ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑን ልጆቹ እየቀያየሩ ነው። አንዱ ጣቢያ ላይ ሩቶ ይመራል፣ ሌላው ላይ በዚያው ሰዓት ራይላ ይመራል። ቦዳ ቦዳ የሚነዳው ልጅ (ከኛ ሰፈር ነው፣ እናቱን ታውቋቸዋላችሁ) "ይኸው! ሁሉም የራሱን ያወራል። ያ ወንድማችን ልክ ነበር፣ እውነት የሚባል የለም" አለና ወደ እኔ ጠቆመ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ፊዚክስ ፈገግ አሉ። "ሁለቱም አልዋሹም" አሉ። "46,229 የምርጫ ጣቢያ አለ። የእያንዳንዱ ጣቢያ ውጤት በፎርም 34ኤ ተጽፎ፣ ፎቶው ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። አንዱ ጣቢያ ከዚህ ጫፍ፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ ጀምሮ ይደምራል። በመሃል ይለያያሉ። ይሄ ግን አንፃራዊነት አይደለም፤ ይሄ መዘግየት ነው። ወረቀቱ ያው አንድ ወረቀት ነው።"

"እንግዲያው አንፃራዊነት ምንድን ነው?" አለ ልጁ።

እሳቸውም ጀመሩ። እኔ ጀርባዬን እንደሰጠሁ ጆሮዬን ዘረጋሁ።

"የድሬዳዋን ባቡር አስብ። ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት የሚቀራረብ ነው እንበል። ሲያልፍ መብረቅ ፊቱንና ጅራቱን መታው። ከሐዲዱ ዳር ልክ መሃል ላይ የቆመ ሰው ብርሃኑ ከሁለቱ ወገን እኩል ደረሰውና 'በአንድ ጊዜ መታው' አለ። ባቡሩ መሃል የተቀመጠው ሰው ግን ወደ ፊተኛው ብርሃን እየገሰገሰ ነው፤ የፊቱ ቀድሞ ይደርሰዋል። ለእሱ ሁለቱም ጫፎች እኩል ይርቃሉ፤ ብርሃንም ለማንም ሰው ፍጥነቱ ያው ነው። ስለዚህ 'የፊተኛው ቀደመ' ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለሁሉም የሚሆን አንድ 'አሁን' የለም። አንስታይን ይሄን በ1905 ነው የጻፈው።"

"በቃ፣ ያው እውነት የለም ማለት ነው።"

"ቆይ። መብረቁ ጎጆ መትቶ ጎጆው ተቃጠለ እንበል። አሁን በየትኛውም ባቡር ተቀመጥ፣ የፈለግህበት ኮከብ ላይ ቁም። ጎጆው መጀመሪያ ተቃጥሎ መብረቁ በኋላ ሲወርድ የሚያይ ሰው የለም። አንዱ ሌላውን ሊያስከትል የሚችልበት ነገር ከሆነ ቅደም ተከተሉ ለሁሉም አንድ ነው። የሚለያየው አንዱ ሌላውን ሊነካ የማይችለው ብቻ ነው። ሰዎች የመጀመሪያውን ክፍል ሰምተው፣ ሁለተኛውን ሳይሰሙ ከክፍል ይወጣሉ።"

ያን ጊዜ ዞርኩ። እሳቸው ግን ወደኔ አላዩም።

ልጁ ሞኝ አይደለም። "ታዲያ የኛን ጦርነት ማን ጀመረው?" ብሎ ጠየቀ። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ፤ በዚያ ጥያቄ የተነሳ ሰላምታ የተቋረጠ ጎረቤት እዚያው ውስጥ አለ። ጋሽ ፊዚክስ ስኒያቸውን አስቀመጡና "መልሱን ቀድመህ ከያዝህ ፊዚክስ አይረዳህም። ቀኑን ጻፍ፣ ሰነዱን ሰብስብ፣ የቱ የቱን እንዳስከተለ አንድ በአንድ አያይዝ። አድካሚ ነው፣ ዓመታት ይወስዳል። ግን መልስ የለውም አትበል" አሉ።

እዚህ ላይ እኔ ዝም አላልኩም። በአሥራ አራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አናገርኳቸው። "ጋሼ፣ መብረቅ አይዋሽም። ፎርም ግን የሚሞላው ሰው ነው፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊትም ሊሞላ ይችላል" አልኳቸው። "ለዚህ ነው የየፓርቲው ወኪል አብሮ የሚፈርመው" አሉ። "ወኪሉ ከተባረረስ?" አልኩ። "እሱም ጊዜና ቦታ ያለው ድርጊት ነው፤ ጻፈው" አሉ። ከዚያ ስለ 2017ቱ አነሱ፤ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመስከረም 1 ቀን የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሲሰርዝ "ለእያንዳንዱ የየራሱ እውነት አለው" ብሎ ሳይሆን ፎርሙ እንዴት ተላለፈ ብሎ መርምሮ ነው አሉ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። በኛ አገር ወረቀቱ ራሱ እንዳይወለድ ማድረግ ይቻላል፤ ይሄን ግንቦት 1997ን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ክርክር ማለት ይሄ ነበር፤ እኔ ለአንድ ዓመት ሳደርገው የቆየሁት ክርክር አልነበረም።

ሰው ሲበተን ደብተር አወጡና "አንተ የጎንደር ልጅ ነህ አይደል?" አሉኝ። "እናትህ እዚያ ናቸው?" አዎ አልኳቸው። መጻፍ ጀመሩ። ስበት ሰዓትን ያዘገያል፤ ወደ ምድር መሃል በቀረብክ ቁጥር ጊዜ ቀስ ይላል። ይሄ ተረት አይደለም፤ ቦዳ ቦዳው ልጅ ደንበኛ ሲያደርስ የሚያየው ካርታ ያለዚህ ሒሳብ አይሠራም። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸው በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ከምድሩ ይቀድማል፤ ባይታረም ካርታው በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል፤ ደንበኛው ካሎቤዬይ ልሂድ ቢል ሌላ በረሃ ያወርደዋል። ጎንደር ከካኩማ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አባዙ፣ አካፈሉ፣ ከሥሩ አሰመሩ። "በዓመት 5 ማይክሮ ሰከንድ። አንድ ሰከንድን ለአንድ ሚሊዮን ክፈለው፣ ከዚያ አምስቱን ውሰድ። እናትህ ጋ ጊዜ በዚያች ያህል ይፈጥናል።"

እማዬ፣ ይሄን የሚያነብልሽ ሰው ካለ ስሚኝ። ያን ጊዜ ካየሁሽ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሒሳቡ 45 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው የቀደምሽኝ ይላል። በቪዲዮ ሳይሽ ግን ፀጉርሽ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ይሄን ለጋሽ ፊዚክስ ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። "እናቴ ስትሞት እኔ እዚህ የሰማሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው" አሉ። "ሰባት ወር ሙሉ ለኔ በሕይወት ነበረች። ይሄም ባቡር አይደለም፤ መዘግየት ነው።"

በዚያ ለሊት ነው ይቅርታ የጠየቅኳቸው፤ ለብቻችን። "ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም ያልከው ልክ ነህ" አሉኝ። "በ1979 ቀበሌ ጠርቶን ሕገ መንግሥት አጽድቁ ተብለን ተሰልፈናል። እሱን ከቆጠርከው አንድ ጊዜ።" ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በቀጣዮቹ ቀናት አንድ እብደት ሠራን። እኔ፣ እሳቸውና ቦዳ ቦዳው ልጅ የዳታ ብር አዋጥተን የዚህን አካባቢ ፎርሞች አንድ በአንድ እያወረድን በደብተር ደመርን። ምርጫው የኛ አይደለም፣ ማንም አልጠየቀንም። ጋሽ ፊዚክስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ቁጥር ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ልጁ ይደምራል። የአንዱን ፎርም ድምር ሁለት ጊዜ ተሳስቶ እሳቸው "እንደገና!" ሲሉት የክፍል ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ። ነሐሴ 15 ሩቶ በ50.49 በመቶ አሸነፉ ተባለ፤ ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ አንቀበልም አሉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ መስከረም 5 ጸና። ደብተራችን ለዚያ ሁሉ ምንም አልጨመረም። አሁንም እኔ ጋ አለ።

ያቺን የድሮ መልሴን ግን ከገጹ አላጠፋኋትም ነበር። ለብቻ ይቅርታ ጠይቄ አደባባዩን እንደነበረ ተውኩት። ባለፈው ወር ከ30 ዓመት በላይ የጠበቁት የሪሴትልመንት ጉዳያቸው አልቆ ወደ ካናዳ ሲሄዱ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ድረስ ሸኘኋቸው፤ ያኔም አፌን ያዘኝ። እሳቸው ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያወሩት። በ1971 ሁለት ሳይንቲስቶች የአቶሚክ ሰዓት በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ዓለምን አዙረውት ነበር፤ ወደ ምሥራቅ የበረረው ሰዓት ዘገየ፣ ወደ ምዕራብ የበረረው ቀደመ። "እኔ ወደ ምዕራብ ነው የምሄደው" አሉኝ። "ስለዚህ ትንሽ አርጅቼ ነው የምደርሰው።"

ያቺን መልስ ዛሬ ጠዋት አጠፋኋት። ከማጥፋቴ በፊት ግን እዚህ ከላይ እንደነበረች ጻፍኳት፤ አልተባለም እንዳይባል። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ትናንት ማታ በድምፅ መልእክት ልከውልኛል። ብርዱን አማርረው፣ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ በሁለት አውቶቡስ እንደሚደረስ ነግረውኝ፣ በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ "ዜግነት ለማመልከት 1,095 ቀን እዚህ መኖር አለብኝ። አሥራ ዘጠኙን ጨርሻለሁ። ከዚያ እመርጣለሁ። ለማን እንደምመርጥ ገና አላውቅም፤ ፓርቲዎቹን ማጥናት ጀምሬያለሁ። ደብተሩን እንዳትጥለው።"